ሶፋውን ያላስገባሁበት ዓመት

ኩየራ ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ስልኳ ላይ ደጋግማ የምታየው ነገር አለ። ሴቶች ቤታቸውን እየዞሩ ያሳያሉ፤ «በዚህ ዓመት በጣም የወደድኳቸው የቤት ዕቃዎች» እያሉ አንዷ መብራቷን፣ አንዷ መጋረጃዋን፣ አንዷ ደግሞ ድመቷ የምትተኛበትን ትራስ ሳይቀር ታስጎበኛለች። ልጄ ለእረፍት ስትመጣ አጠገቤ ተጋድማ ታሳየኛለች፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ እስቃለሁ። በቀደም «እማዬ፣ የአንቺስ ያለፈው ዓመት ምርጥ ምንድን ነው?» አለችኝ። የጠየቀችኝ ለቀልድ ነበር። እኔ ግን የምሬን አሰብኩበት። ያለፈው ዓመት ባሌ የሞተበት ዓመት ነው። ቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ፍላጎቴ ያደራጀሁትም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱን ነገሮች ባንድ አፍ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነውር ከሆነም ይሁን፣ እናገራለሁ።

ባሌን እወደው ነበር። ሶፋውን ግን አልወደውም ነበር።

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ዕድሜውን ያሳለፈው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ መንገድ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ነብር የታተመበት ብርድ ልብስ፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፏፏቴ ያለበት ምንጣፍ፣ ብቻ ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ጭኖ ይመጣል። ከሁሉም የባሰው ሶፋው ነው። ቀይ ከፋይ፣ ዳርዳሩ ወርቃማ ክር፣ መደገፊያው ላይ አፉን የከፈተ አንበሳ አለው። በአዳማ ሙቀት ከፋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ ልብሱ ጀርባው ላይ ይለጠፋል። ሶፋው እንዳይቆሽሽ ደግሞ የመጣበትን ላስቲክ አላነሳንለትም ነበር። ከጎኑ፣ የመስኮቱን ግማሽ ጋርዶ፣ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ትልቅ ቡፌ ቆሟል። መስኮት ለመክፈት የፈለገ ሰው በሶፋው ላይ መንጠላጠል ነበረበት።

እኔ የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው፤ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስፌት ሳይ፣ ክር ስቆርጥ፣ የተጣመመውን ስመልስ እውላለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ለባሌ ስነግረው «ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ምን ላይ ይቀመጥ?» ይለኛል። እንግዳ ደግሞ የሚመጣው አንዳንዴ ነው። እኔና እሱ ኩሽና ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠን እየበላን፣ ሳሎኑ በሩ ተዘግቶ እንግዳ ሲጠብቅ ኖረ።

አንድ ቀን ከመንገድ ተመለሰና «ደክሞኛል» ብሎ ጋደም አለ። አልተነሳም።

ጩኸቴን ሳልጨርስ የእድሩ ሰዎች ሶፋውን ማውጣት ጀምረው ነበር። ደንቡ ነው፤ ቤቱ ሐዘን ሲገባው ለለቀስተኛ ቦታ እንዲሆን ሳሎን ባዶ ይደረጋል። ቡፌውም፣ ምንጣፉም፣ ፏፏቴውም ወጣ። ጎረቤቴ ከግቢዋ ጀርባ ሽንኩርት የምታከማችበት መጋዘን ስላላት ዕቃው ሁሉ እዚያ ገባ። በምትኩ ፍራሽ በግድግዳው ዙሪያ ተነጠፈ። እኔም ጥቁር ለብሼ አንዱ ጥግ ተቀመጥኩ።

ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ነው ወለሉን ያየሁት። ቤቱን ስንሠራ ያስፈሰስነው ቀይ ሊሾ ነበር። ሲደርቅ እኔና ባሌ በጉልበታችን ተንበርክከን በሰም ወልውለነዋል፤ ወዲያው ደግሞ ምንጣፍ አልብሰን ረስተነዋል። የጠዋት ፀሐይ በመጋረጃው ክፍተት ገብታ ወለሉን ተሻግራ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ደረሰች። ከዚያ በፊት እንደዚያ ገብታ አታውቅም፣ ቡፌው ይጋርዳታል። ደስ አለኝ ማለት አልችልም፤ ባሌን ቀብሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ግን ተነፈስኩ። «ይሄ ቤት ለካ ሰፊ ነው» አልኩ በሆዴ፤ ወዲያውም አፈርኩና አለቀስኩ።

አርባው እንዳለፈ የባሌ ታላቅ ወንድም ከባቱ መጡ። ወንድም ጋሼ ነው የምላቸው። ባቱ ዙሪያ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለሙ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። ወንድማቸውን የቀበሩ ዕለት ድምፃቸው እስኪዘጋ አልቅሰዋል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ ፍራሹ ላይ ጎናቸውን አስደግፈው፣ «እኛ እያለንልሽ እዚህ ብቻሽን አትቀመጪም። ልጅቷ ኩየራ ናት። ቤቱን ለጥሩ ተከራይ እንሰጠዋለን፤ አንቺ ባቱ እኛ ግቢ ትመጫለሽ። ክፍል አዘጋጅልሻለሁ።»

«ሥራዬስ ወንድም ጋሼ?»

«ሥራ የትም አለ። ወንድሜ ሚስቱን ሜዳ ላይ በትኖ ሞተ ይበሉኝ? ለሙት ዓመቱ ዘመድ ሲሰበሰብ ነገሩን እንጨርሰዋለን። እስከዚያ ዕቃውን አስመልሺ፣ ቤቱ ቤት ይምሰል።»

ቤቱን ሊወስዱብኝ አልነበረም፤ ቤቱ የእኔና የልጄ መሆኑን ማንም አልካደም። ከቤቱ እኔን ሊወስዱኝ ነበር። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለውን ነገር በምን ቃል እንደሚከራከሩት አላውቅም፣ ማንም አላስተማረኝም። ስለ ዕቃው ብቻ «ይቆይ» አልኩ። ባሌ ከሞተ በኋላ የተናገርኳት የመጀመሪያዋ የእምቢታ ቃሌ እሷ ናት።

እንግዲህ ልጄ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። ያለፈው ዓመት የመጀመሪያው ምርጤ ያ ወለል ነው። እሑድ እሑድ ቀሚሴን ሰብስቤ ተንበርክኬ በሰም እወለውለዋለሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ምነው፣ ሠርግ አለብሽ እንዴ?» ትለኛለች። «ዕቃሽን መቼ ነው የምታነሺልኝ? ሶፋሽ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ነው» ስትለኝ «ይለምደዋል» እላታለሁ። እንደዚያ ብላኝም አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

ቀጥሎ መጋረጃው ነው። የድሮው ድርብርብ ነበር፤ ከላይ ወፍራም፣ ከሥር ዳንቴል፣ አቧራውን ሁሉ ጠጥቶ የሚቀመጥ። በሐዘን ቤት ደግሞ መጋረጃ አይገለጥም። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ አወረድኩት። ከሸማኔ ሳሳ ያለ ነጭ ጥጥ ገዛሁ፤ ጥለቱ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቻ ነው። ቅምቅማቱን ራሴ ሰፋሁት። የሌላ ሰው ስፌት ስተች ኖሬ የራሴን መስኮት በራሴ እጅ መስፋቴ ምን ያህል ልቤን እንዳሞቀው አልናገረውም። የአዳማ ነፋስ ሲመጣ መጋረጃው እስከ ሳሎኑ መሀል ይነሳና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከእድራችን ሴቶች አንዷ ልትጠይቀኝ መጥታ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆየችና «ዓመት ሳይሞላው ነጭ መጋረጃ?» አለችኝ።

«ጥቁሩን እኔ ለብሻለሁ። መስኮቱ ማን ሞተበት?» አልኳት።

አልሳቀችም። በሳምንቱ ወሬው እስከ ገበያ ደረሰ፤ ባሏ ሲሞትላት ቤቷን ማሳመር ጀመረች ተባልኩ። አዎ፣ ጀመርኩ። ያሉትን ሰምቼ ሌሊቱን ሙሉ ሆድ ሲብሰኝ አደረ፤ ጠዋት ግን ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ሐዘኔን በመጋረጃዬ ውፍረት የሚለኩትን ሰዎች የማስደስትበት ጉልበት አልነበረኝም።

ክረምቱ እንደወጣ ወንድም ጋሼ ደውለው «ክፍሉ አልቋል፣ መጥተሽ እይው» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። በሞጆ፣ በመቂ አድርጌ ባቱ ወረድኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ገና ቀለሙ ይሸታል። አልጋ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፤ ጠረጴዛው ላይ የወንድም ጋሼ ባለቤት የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠዋል። ትራሱ ላይ በእጃቸው የጠለፉት ዳንቴል አለ። ለእኔ ብለው ስንት እንደደከሙ ሳይ እንባዬ መጣ። ከዚያ መስኮቱን ከፈትኩ። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግንብ ነው፣ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ አረጅና እስክሞት ድረስ እንግዳ እሆናለሁ አልኩ። ሁሉም ያከብሩኛል፣ ማንም ክፉ አይናገረኝም፤ ግን ትራስ ላዞር ስፈልግ እንኳ የሰው ፊት ማየቴ አይቀርም።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ወንድም ጋሼ በሩ ላይ ቆመው።

«በጣም ጥሩ ክፍል ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ወደ መናኸሪያ በጋሪ ስመለስ መንገድ ዳር አንዲት ሴት ከሐይቁ ደንገል የተሠሩ ምንጣፎች ጠቅልላ ደርድራለች። ባለጋሪውን «አቁምልኝ» አልኩት። አንዱን ዘርግቼ አየሁት። አረንጓዴው ገና ጨርሶ አልለቀቀውም፣ የውሃ ሽታ አለው፤ ጠርዙ ላይ ያለው አጣጣፍ ደግሞ የኛ ፋብሪካ ልጆች ቢያዩት የሚያፍሩበት ነው። ሴትዮዋ ጥቁር ልብሴን አየችና «ለበርበሬ ማስጫ ነው? ትንሹ ይበቃሻል» አለችኝ።

«ለሳሎኔ ነው።»

ሴትዮዋና ባለጋሪው ተያዩ። ባለጋሪው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጣል አደረገና ሁለቱም ሳቁ፤ ኦሮምኛ እንደምሰማ አላወቁም። ያለው ነገር «ከተሜ ሶፋውን ምን በላው?» ነው። በኦሮምኛ «ሽንኩርት» ብዬ ስመልስለት ክው አሉ። ትልቁን ወሰድኩ። ሚኒባስ ውስጥ አልገባ ስላለ ረዳቱ እየተነጫነጨ ጣሪያው ላይ አሰረው። እስከ አዳማ ድረስ ጠርዙ በነፋሱ ሲርገበገብ እየሰማሁ መጣሁ። መልሴን ለወንድም ጋሼ ባልናገርም ያን ቀን ለራሴ ነግሬው ነበር። የትም የማይሄድ ሰው ነው ለቤቱ ምንጣፍ የሚገዛው።

ከምንጣፉ በኋላ እጄ ተፈታ። አናጺ ዘንድ ሄጄ ረጅም የዋንዛ ጠረጴዛ አሠራሁ። መስኮቱ ሥር አቆምኩት። የመጣ ሁሉ «ሳሎን ውስጥ የሥራ ጠረጴዛ? ቢሮ ልትከፍቺ ነው?» ይለኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ፋብሪካችን ውስጥ ከገጠር የመጡ ብዙ ልጃገረዶች አሉ፤ በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቃቅፈው የሚተኙ፣ እሑድ መቀመጫ አጥተው መንገድ ለመንገድ የሚዞሩ። «ጨርቃችሁን ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። መጡ። ጠረጴዛው ላይ የራሳቸውን ቀሚስ ይቆርጣሉ፤ እኔ ስፌቱን አይላቸዋለሁ፣ እንደ ፋብሪካው ሳልቆጣ። ምንጣፉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይሳሳቃሉ። ያ ሳሎን እንግዳ ሲጠብቅ የኖረው ለካ እነሱን ኖሯል፤ እኛ ያላወቅነው ከፋይ ላይ ቀጥ ብለው እንደማይቀመጡ ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉም የምወደው ግን አያምርም። የመኪናው ባለቤት የባሌን ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ላከልኝ፤ ፔርሙስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ ከሥር ደግሞ ከመኪናው የፊት መስታወት በላይ ይንጠለጠል የነበረው ዘርፍ። አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ ወርቃማ ክሩ ተንጠልጥሎበታል፣ ግማሹን ፀሐይ በልቶታል። የሶፋው የሥጋ ዘመድ መሆኑን ማንም ያውቀዋል። አጠብኩት፤ የናፍጣው ሽታ አልለቅ አለ፣ እንዲለቅም አልፈለግሁም። ከነጩ መጋረጃ በላይ በመስኮቱ ዘንግ ላይ ሰቀልኩት። ሶፋውን ባሌ የገዛው ለሰው ነው፤ ሰው እንዲያይለት፣ ሰው እንዲቀመጥበት። ይሄን ዘርፍ ግን የሰቀለው ለራሱ ነው። በዚያ በረሃ ብቻውን ሲነዳ ፊቱ ላይ እንዲወዛወዝለት። እኔ ከቤቴ ያስወጣሁት እንግዳ የሚጠብቀውን ባሌን ነው፤ የራሱን ነገር የሚወደውን ባሌን አላስወጣሁም።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ ቅዳሜ ዋለ። ከፋብሪካ በግማሽ ቀን ወጥቼ ስመለስ በሬ ተከፍቷል፤ ደጁ ላይ የወንድም ጋሼ አይሱዙ ለድግሱ ያመጣውን አራግፎ ቆሟል። ስገባ ሳሎኑ እንደ ድሮው ሆኗል። ቀዩ ሶፋ ከነአንበሳው፣ ቡፌው መስኮቱን ጋርዶ፣ ፏፏቴው ግድግዳው ላይ። ምንጣፌ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል፤ ጠረጴዛዬ በረንዳ ላይ ተገልብጧል። ቤቱ በሙሉ ሽንኩርት ይሸታል። የእድሩ ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ ነው። ጎረቤቴ በሩ ላይ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች፤ ትርፍ ቁልፌን የምትይዝልኝ እሷ ናት፣ የባሌ ወንድም ክፈቺ ሲሏት ምን ትበል?

«አሁን ቤት ሆነ!» አሉኝ ወንድም ጋሼ። ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል። «ነገ ዘመድ ሲመጣ የወንድሜን ቤት ይይ። ነገራችንንም ነገ እንጨርሳለን።»

የማለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

«አውጡት» አልኩ።

ማንም አልተነቃነቀም። የእድሩ ሊቀመንበር ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «እመቤት፣» አሉኝ ለስለስ ብለው፣ «እድሩ ዕቃ የሚያወጣው እኮ ሰው ሲሞት ነው። ዛሬ በምን ደንብ እናወጣዋለን?»

«ደንቡን ልንገርዎት» አልኳቸው። «ነገ ዘመድ ተሰብስቦ ከዚህ ቤት ውጪ ሊለኝ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ ቤት የምወጣው እናንተው በትከሻችሁ ተሸክማችሁኝ ብቻ ነው። ያን ቀን ይሄን ሁሉ ማውጣታችሁ አይቀርም። ዛሬውኑ አውጡትና ተገላገሉ!»

ሊቀመንበሩ ወንድም ጋሼን አዩ፤ ወንድም ጋሼ ወለሉን አዩ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ጎረቤቴ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ መጣችና የሶፋውን አንድ ጫፍ ያዘች። «መጋዘኔ ግን አዲስ ሽንኩርት ገብቶበታል፣ ከእንግዲህ አልቀበልም» አለች። እኔ ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። ሁለት ሴቶች ሶፋ ሲታገሉ ማየት ያሳፈራቸው ወንዶች «ተዉት፣ ተዉት» እያሉ ተቀበሉን። ሶፋውም ቡፌውም ፏፏቴውም አይሱዙው ላይ ተጫነ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ምንጣፌን ዘረጋሁ። ወንድም ጋሼ በሩ ላይ ጥቂት ቆሙ፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የሚቀመጡበት አልነበረምና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። መጋረጃው በነፋስ ተነስቶ ሲወርድ ቀና ብለው አዩና ዓይናቸው አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ቀረ።

«የመኪናው ነው?»

«አዎ።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሊቆጡኝ ነው ወይስ ሊለምኑኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ማታ ማታ ብቻሽን ስትሆኚ አትፈሪም?» አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ያልጠየቁኝ ጥያቄ እሱ ነበር።

አልፈራም ልል አፌን ከፈትኩ፤ መዋሸት አስጠላኝ።

«እፈራለሁ» አልኳቸው። «በጣም እፈራለሁ። ግን የምፈራው በራሴ ቤት ነው።»

ወንድም ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ወደ በሩ ሄዱ። መቀርቀሪያውን ወደዚህ ወደዚያ አንቀሳቀሱት።

«ይሄ ላልቷል፣ አይረባም» አሉኝ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። «ካቻቪቴ አለሽ?»